ፒተር ሎሬ ለፈረመበት ፎቶ፦ ስሙን እንዳታጠፊው

እህቴ፣ በርሊን ከአሮጌ ዕቃ ገበያ የድሮው የፊልም ተዋናይ ፒተር ሎሬ የፈረመበት የተባለ ፎቶ ገዝተሽ፣ ከፊርማው በላይ በጀርመንኛ ለአንዲት ሴት የተጻፈ መታሰቢያ አለ ብለሻል። እውነተኛ መሆኑን እንዴት እንደምታውቂና የሴትዮዋ ስም ቢጠፋ ዋጋው ይጨምር እንደሆነ ጠይቀሻል። የድሮ ተዋንያንን ፎቶ ስሰበስብ ዓመታት ስላስቆጠርኩ የማውቀውን ልንገርሽ።

ከሁለተኛው ልጀምር። ስሙን በፍጹም እንዳትነኪው! ስም የሌለበት ፊርማ ቶሎ ይሸጣል የሚሉ ነጋዴዎች አሉ፤ እኔንም መክረውኛል። የሎሬ ግን ይለያል።

ሎሬ በ1904 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) ዛሬ ስሎቫኪያ በምትባለው አገር ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። የትውልድ ስሙ ላስሎ ሎቨንስታይን ነው። በ1931 ፍሪትስ ላንግ በሠራው «ኤም» ፊልም ላይ የሕፃናት ገዳይ ሆኖ ተጫወተና ስሙ ገነነ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ሂትለር ሥልጣን ያዘ። ሎሬም በ1933 ከጀርመን ወጣ፤ ቪየና፣ ፓሪስ፣ ከዚያ ለንደን። የፊልም አዘጋጁ ሂችኮክ ለንደን ላይ ሥራ ሲሰጠው እንግሊዝኛው ገና ነበር። በ1934 አሜሪካ ገባ። «ካዛብላንካ» የተባለውን ፊልም ካየሽ፣ የይለፍ ወረቀቶቹን የያዘው ኡጋርቴ እሱ ነው።

ሁሌም አንጀቴን የሚበላኝ ግን ሌላ ነው። ናዚዎች በ1940 «ዘላለማዊው አይሁድ» የተባለውን የጥላቻ ፊልም ሲሠሩ፣ ከ«ኤም» የሎሬን ትዕይንት ቆርጠው አስገቡበት። ገዳዩ የሚናገረውን የአይሁድ ሁሉ ጠባይ አስመስለው አሳዩት። እሱ አገር ጥሎ ከሄደ በኋላ እንኳ ፊቱን አልተዉለትም። እንግዲህ ያንቺ ፎቶ ከ1933 በፊት የተፈረመ ከሆነ፣ ያቺ ሴት ወይ በዚያ ዘመን ቤቷ ደብቃ አቆይታዋለች፣ ወይ ይዛው ተሰዳለች፣ ወይ ለሌላ ሰው አደራ ሰጥታዋለች። ስሟን ስታጠፊ ይህን የመከታተያ መንገድ ትዘጊያለሽ።

ጀርመንኛ መሆኑ ብቻውን ግን አይበቃም። ሎሬ ከጦርነቱ በኋላ ተመልሶ በ1951 ጀርመን ውስጥ ራሱ ያዘጋጀው ፊልም ወጥቷል፤ ያኔም ፈርሞ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ወረቀቱን እዪ። ፖስትካርድ ከሆነ ከታች «ሮስ» የሚል የአሳታሚ ስም ፈልጊ። በርሊን ውስጥ የተዋንያንን ካርድ በብዛት ያሳተመው እሱ ነው። ባለቤቱ ሃይንሪሽ ሮስም አይሁዳዊ ነበር፤ ድርጅቱን ተነጥቆ አሜሪካ ተሰደደ።

ቀጥሎ አጉሊ መነጽር አምጪና ፎቶውን ወደ መብራት አዘንብለሽ እዪው። በእጅ የተጻፈ ቀለም ከወረቀቱ ላይ ይታያል፤ መስመሮች በሚደራረቡበት ቦታ ይጠቁራል፣ አንዳንዴም በብዕሩ ጫፍ የተጫረ ይኖራል። ከፎቶው ጋር አብሮ የታተመ ፊርማ ግን እንደ ምስሉ ለጥ ያለ ነው። ገንዘብ የሚፈትሹበት ዓይነት የአልትራቫዮሌት መብራት ካገኘሽም ጨለማ ክፍል ውስጥ አብሪበት። ወረቀቱ ደማቅ ሰማያዊ ካበራ የ1930ዎቹ አይደለም። ወረቀት የሚያነጣው ኬሚካል የተለመደው ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1950ዎቹ ነው።

ከሆሊውድ የመጡት ላይ ደግሞ የበለጠ ተጠንቀቂ። የአድናቂ ደብዳቤ ሲበዛ ጸሐፊዎች በተዋናዩ ስም ይፈርሙ ነበር። ቀለሙ እውነተኛ ነው፣ እጁ ግን የእሱ አይደለም። ያንን የሚለየው ከተረጋገጡ ፊርማዎች ጋር ማስተያየት ብቻ ነው።

እስከዚያው ላሚኔት እንዳታስደርጊው፣ ፕላስተርም እንዳይነካው። ፀሐይ የሚያገኘው ግድግዳ ላይም አትስቀይው፤ ቀለሙ ይለቃል። አሲድ በሌለው ወረቀት ወይም በፖሊስተር (ግልጽ ፕላስቲክ) ከረጢት አስቀምጪው። ጀርባውንም በደንብ ፎቶ አንስተሽ እዚሁ ለጥፊልን። ማህተም ወይም የአልበም ሙጫ ካለ ከየት እንደመጣ አብረን እንፈልጋለን።