አበድሬ ዝም ልበል?

ጥያቄ፦ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር አብረን ነው የምናገለግለው። የዛሬ ስምንት ወር ቸግሮት የሁለት ወር ደሞዜን አበደርኩት። ቶሎ እመልሳለሁ ብሎኝ ነበር፣ እስካሁን ግን ትንፍሽ አላለም። ሰሞኑን ደግሞ አዲስ ስልክ ይዞ መጣ። እሱን ምንም አላልኩትም፣ ለሦስት ጓደኞቻችን ግን ነግሬያቸዋለሁ። አንዱ «ክርስቲያን አይደለህ እንዴ? ይቅር በለውና ተወው» አለኝ። ገንዘቤን መጠየቅ ከቃሉ ጋር ይጋጫል?
የጨነቀው

መልስ፦ ወንድሜ፣ ስልኩን እርሳው፤ ሰው ሰጥቶት ሊሆን ይችላል። እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። ቅር እንዳለህ ሦስት ሰው ያውቃል፣ ባለ ጉዳዩ ግን አያውቅም።

እስቲ ማቴዎስ 18ን ክፈት። ቁጥር 15 «ወንድምህም ቢበድልህ፥ ሄደህ አንተና እርሱ ብቻችሁን ሆናችሁ ውቀሰው» ይላል። ሌላ ሰው የሚገባው ቁጥር 16 ላይ ነው፣ ያውም አልሰማ ካለህ። አንተ ከኋላ ጀመርክ። እኔም ከዚህ ነጻ አይደለሁም፤ «በጸሎት አስቡት» እያልኩ ያወራሁት ሐሜት ቀላል አይደለም። ደግሞ ጥቅሱ ሲቀጥል «ቢሰማህ፥ ወንድምህን ገንዘብ አደረግኸው» ይላል። የራስህ አደረግኸው ማለት ነው፣ ግን ላንተ ጉዳይ ቃሉ ራሱ ልክክ ብሎ የመጣ ይመስላል።

ይቅርታም እዚያው ምዕራፍ ላይ አለ፣ ንጉሥ ብዙ ዕዳ ስለተወለት ባሪያ በሚናገረው ምሳሌ። ግን ንጉሡ አሥር ሺህ መክሊቱን ከመተዉ በፊት ምን አደረገ? ባሪያዎቹን ጠርቶ ሒሳብ ተሳሰበ። ዕዳው በግልጽ ተነገረ፣ ከዚያ ነው የተተወው። ያ ባሪያ በጓደኛው ላይ የነበረው 100 ዲናርም ተራ ሳንቲም አልነበረም፤ ምዕራፍ 20 ላይ አንድ ዲናር የቀን ሠራተኛ የአንድ ቀን ደሞዝ ነው፣ ስለዚህ 100 ዲናር ማለት ከሦስት ወር በላይ የተለፋበት ገንዘብ ነው። ባሪያው የተፈረደበት ስለጠየቀ ሳይሆን፣ ለእሱ ያ ሁሉ ዕዳ ተትቶለት ሳለ ጓደኛውን አንቆ ስላሳሰረው ነው።

ስለዚህ ጠይቀው። አጠያየቁን ከዘዳግም 24 ተማር፦ አበዳሪ መያዣ ሊወስድ ተበዳሪው ቤት ዘው ብሎ አይገባም፣ ውጭ ቆሞ ይጠብቃል። የሰውዬው ክብር እንዳይነካ ነው። በዛሬው ኑሮ ሲተረጎም ሚስቱ ጋ አትደውልም፣ ሰው ፊት አታነሳበትም፣ ሽሙጥ የያዘ ጥቅስም አትልክለትም። (መዝሙር 37፥21 ተበድሮ ስለማይከፍል ሰው ይናገራል፣ ግን እሱ ራሱ ያንብበው።) በአካል አግኘውና «ያ ገንዘብ ጉዳይ ውስጤን እያሻከረው ነው፣ ዝም ብዬ ከምቀየምህ ብዬ ነው። በየወሩ ትንሽ ትንሽ ብትሰጠኝስ?» በለው። ምናልባት እሱም በሃፍረት ነው የሚሸሽህ።

በእውነት እጁ ላይ ከሌለ ደግሞ ሉቃስ 6፥35 «ምንም ተስፋ ሳታደርጉም አበድሩ» ይላል፣ ከባድ ነው። ያኔ መተው ከቻልክ «ትቼልሃለሁ» ብለህ በአፍህ ንገረው። ዝም ብሎ እያኮረፉ መቆየትን ይቅርታ አልለውም። መተው ካልቻልክም ጊዜ ስጠው፣ አታስመስል።

አንድ ነገር ቀረ፣ ሦስቱ ጓደኞችህ። እነሱ ጋ ተመለስና «ለእሱ ሳልነግር ለእናንተ መንገሬ ልክ አልነበረም» በላቸው። ገንዘቡን ከመጠየቅ ይልቅ ይሄኛው ሳይከብድህ አይቀርም።