የጠገራ ብር፣ የድሪና የብራና ግምት

የአያትሽን ጠገራ (የማሪያ ቴሬዛ ብር)፣ ድሪ (የአንገት ጌጥ) እና የብራና መጽሐፍ ደሴ ላይ ማን ይገምትልኛል ላልሽው፦

በመጀመሪያ በሎሚም በአመድም እንዳትወለውያቸው፤ ዋጋ ይቀንሳል። ጠገራው ላይ ያለው 1780 የሚለው ዓመት (በፈረንጆች አቆጣጠር) ዕድሜውን አይነግርሽም፤ ከዚያ ወዲህ የተመታውም ያንኑ ዓመት ይዟል። ወርቅ ቤት አስመዝኚው፤ 28 ግራም ገደማ መሆን አለበት፤ ንጥር ብሩ 83.3 በመቶ ነው። ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ አስመሳይ ከሆነ የጠርዙ ፊደላት ደብዛዛ ናቸው። ማንጠልጠያ ቀለበት ከተበየደበት ግን ሰብሳቢ ብዙም አይፈልገውም።

ድሪውን አንጥረኛ የሚተምነው በግራም ነው፤ ለእጅ ሥራው አይከፍልም። ስለዚህ የሱን ግምት እንደ መነሻ ብቻ ያዢው። ገማቹ ራሱ «ልግዛው» ካለሽ ሌላ ፈልጊ።

ብራናው የባህልና ቱሪዝም ባለሙያ ይየው፤ የመጀመሪያና የመጨረሻ ቅጠሎቹን ፎቶ አንሺ፣ የባለቤትና የደብር ስም የሚጻፈው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። በአዋጅ 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም።