እግሬን ደብቄያታለሁ

ጤና ይስጥልኝ እትዬ፤

34 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድርያ ነው። በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት የሌሊት ፈረቃ እሠራለሁ። የምጽፍልዎ ስለ ጓደኛዬ ነው፤ ስለ እግሬም ነው። ሁለቱ ተያይዘውብኛል።

ከጓደኛዬ ጋር ያደግነው ካዛንቺስ፣ አንድ ግቢ ውስጥ ነው። እናቷ ለእኔም እናቴ ነበሩ፤ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ማን የማን ልጅ እንደሆነ ሳይለዩ ነበር ምሳ የሚያቀርቡልን። ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ አዲስ አበባ አረፉ። ጓደኛዬ ወረቀቷ ስላላለቀ ሄዳ አልቀበረችም። ከዚያ የባሰው ደግሞ መታመማቸውን እንኳ ማንም አልነገራትም። ቤተሰቡ «መምጣት አትችል፣ ለምን እናስጨንቃት» ብሎ ደበቃት። መርዶውን የሰማችው ከተቀበሩ ከ12 ቀን በኋላ ነው። እኔና ሌሎች የሰፈር ልጆች ጎህ ሳይቀድ ቤቷ ሄደን አረዳናት። ፍራሽ ዘርግተን ሦስት ቀን ተቀመጥን፤ በአራተኛው ቀን ሁሉም ወደ ሥራው ተበተነ።

ከዚያ ወዲህ ለሥራ ካልሆነ ከቤት አትወጣም ነበር። ጥር ላይ «ተነሺ፣ እስከ ወንዙ እንሂድ» ብዬ ጎትቼ አወጣኋት። በፖቶማክ ወንዝ ዳር በሚሄደው በማውንት ቨርነን መንገድ መጀመሪያ በእግር፣ ቀጥሎ በሶምሶማ ጀመርን። አንድ ቀን ሬገን አየር ማረፊያ አጠገብ ካለው ሣር ላይ ቆመን፣ አውሮፕላን ከራሳችን በላይ ዝቅ ብሎ ሲያርፍ፣ ቀና ብላ እያየች ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኻ አለቀሰች። ድምፅዋን አውሮፕላኑ ዋጠው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሩጫው ለቅሶዋ ሆነ። እዚሁ ዋሽንግተን አካባቢ ለሚካሄደው ለማሪን ኮር ማራቶን ስንመዘገብም «የመጨረሻዋን ዳገት እጅ ለእጅ ተያይዘን እንወጣለን፤ እዚያ ላይ እማዬን እሰናበታታለሁ» አለችኝ። ቃል ገባሁላት።

ነሐሴ ላይ፣ ፍልሰታን እየጾምኩ፣ ርቀት ጨመርን። ወዲያው ቀኝ ቅልጥሜን ያመኝ ጀመር። አንዲት ቦታ ናት፤ በጣቴ ስነካት እዘላለሁ። አንድ ክሊኒክ ሄጄ ራጅ ተነሣሁ፤ «ምንም የለም፣ ትንሽ ዕረፊ» አሉኝ። ለእሷ ግን «ፈረቃዬ ተቀይሯል» አልኳትና ብቻዋን መሮጥ ያዘች። አምስት ሳምንት አረፍኩ እላለሁ፤ ግን ሥራ ላይ 12 ሰዓት ቆሜ ነው የማድረው። አሁን ስሞክረው አምስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ሕመሙ ይመለሳል። ባለፈው እሑድ ሁለት ኢቡፕሮፌን ውጬ አብሬያት 13 ኪሎ ሜትር ሮጥኩ። እየሳቅኩ ሸኘኋት። ቤቴ ስደርስ ደረጃውን የወጣሁት በመቀመጫዬ ነው። ሌሊት ሳይቀር ያነቃኛል። እስከ ዛሬ የሮጥኩት ረጅሙ 19 ኪሎ ሜትር ነው፤ እሷ 32 ደርሳለች።

ውድድሩ አራት ሳምንት ቀርቶታል። ወንድሜን ባማክረው «አበበ ቢቂላ እኮ ትርፍ አንጀቱን ተቀዶ በወሩ ነው ቶኪዮ ላይ ያሸነፈው፤ የአንቺ ምንድን ነው?» አለኝ። እኔ ከቀረሁ እሷም ትቀራለች፣ ተመልሳም ቤቷ ትዘጋለች ብዬ እፈራለሁ። ቀስ እያልኩ ብጨርሰውስ? ወይስ ቃሌን አጥፌ ልቅር?

እግሯን የደበቀች፣ ከአሌክሳንድርያ

* * *

እህቴ፤

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ስለ እግርሽ ተጨነቅኩ፣ በሁለተኛው ስለ ጓደኛሽ። ጊዜ የማይሰጠው እግርሽ ነውና ከእሱ ልጀምር።

አትሩጪ። አጥንትሽ በኤምአርአይ (በማግኔት በሚነሣ ምስል) ታይቶ ነፃ ነው እስኪባል ድረስ ሶምሶማም ቢሆን ይቅርብሽ። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የጻፍሽልኝ ምልክት ግን ከሯጮች ጋር የዋለ ሰው ሁሉ ሲሰማው የሚደነግጥበት ነው። ልምምድ ላበዛ ሰው የተለመደው የቅልጥም ሕመም በአጥንቱ ጠርዝ ረዘም ብሎ የተዘረጋ ነው፤ ሰውነት ሲሟሟቅም ብዙ ጊዜ ላላ ይላል። ያንቺ በአንድ ጣት የምትሸፈን ቦታ ናት፣ ስትሮጪ ትብሳለች፣ ሌሊት ታነቃሻለች። ይህ፣ አጥንት እረፍት አጥቶ ጫና ሲደጋገምበት የሚፈጠር ቀጭን ስንጥቅ ሊሆን ይችላል። የራጁ ንጹሕ መሆን አያጽናናሽ። እንዲህ ያለው ስንጥቅ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብዙ ጊዜ በራጅ አይታይም፤ ምልክቱ የሚወጣው አጥንቱ ራሱን መጠገን ሲጀምር ነው። ኤምአርአይ ቀድሞ ያገኘዋል።

ኢንሹራንስሽ ኤምአርአዩን አስቀድሞ ማጽደቅ ይኖርበት ይሆናልና ነገ ከፈረቃ እንደወጣሽ፣ ሳትተኚ ደውዪ። ደግሞ ስትደውዪ «እግሬን ያመኛል» ብለሽ ብቻ አትተዪው። «አንዲት ነጥብ ላይ ነው የሚያመኝ፣ ሌሊት ያነቃኛል፣ አምስት ሳምንት ከሩጫ አርፌ አልተሻለኝም» በዪ። ሥራሽ ቆመሽ እንደሆነም ንገሪያቸው፤ ያረፍሽ መስሏቸው ከሆነ አላረፍሽም።

ስንጥቁ ካለ፣ በጊዜ የታረፈበት አብዛኛውን ጊዜ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይጠግጋል። የተሮጠበት ግን ጨርሶ ሊሰበር ይችላል። ማራቶን ወደ 40 ሺህ የሚጠጋ እርምጃ ነው፤ ግማሹ በዚያች ነጥብ ላይ ያርፋል። ቀዶ ጥገና፣ ብረት፣ ወራት ያለ ሥራ፤ አንቺ ደግሞ እንጀራሽን የምትበዪው በእግርሽ ቆመሽ ነው። ኢቡፕሮፌኑንም ተዪው። ሕመሙን ያፍነዋል እንጂ አጥንቱን አያድነውም፤ በረጅም ሩጫ ላይ ላብ ሰውነትን ሲያደርቀው ደግሞ ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ እንደ ታላቅ እህትሽ። የወር አበባሽ በጊዜው ይመጣል? መጾምሽን አልነቅፍም፤ እኔም እጾማለሁ። ነገር ግን ሌሊቱን ሠርተሽ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳትቀምሺ፣ በዚያው ሁለት ሳምንት ርቀት መጨመር ለአጥንት ከባድ ነው። የሚበላው ከሚቃጠለው ሲያንስ ሰውነት አጥንትንና የወር አበባን ችላ ይላል። የወር አበባሽ ቀርቶብሽ ከሆነ ለሐኪሙ ሳትደብቂ ንገሪ። ቫይታሚን ዲ፣ ካልሲየምና የብረት ክምችትሽንም አስመርምሪ። ሌሊት ሠርታ ቀን የምትተኛ ሴት ፀሐይ የምታየው መቼ ነው? የሚቀጥለው ጾም ሲመጣ ለንስሐ አባትሽ ሁኔታሽን አስረጂ፤ ለታመመ ሰው ፈቃድ አለ።

አጥንቱ ነፃ ከሆነስ ትዪኝ ይሆናል። ያኔም 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን አልመክርሽም። ከቀሩሽ አራት ሳምንታት የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ሦስቱ ልምምድ የሚቀነስባቸው ናቸው፤ የጎደለው አሁን አይሞላም። «ቀስ እያልኩ» ያልሽውንም አስቤበታለሁ። ያ ውድድር በማይል 14 ደቂቃ ይጠይቃል፤ በኪሎ ሜትር 8 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ገደማ ማለት ነው። 20 ማይል ላይ ያለውን የ14ኛ ጎዳና ድልድይ በሰዓቱ ያልደረሰ ሰው በአውቶቡስ ይሰበሰባል። አንቺ ወደ ኋላ ስትቀሪ ጓደኛሽ ጥላሽ ትሄዳለች? አትሄድም። ያንቺን ቀስታ አብራሽ ትከፍላለች፤ የእናቷን ዳገት ሳታይ አውቶቡስ ላይ ልትገኝ ትችላለች።

ወንድምሽ ስለ አበበ የነገረሽ እውነት ነው፤ ታሪኩን ግን ግማሽ ላይ ነው ያቆመው። እ.ኤ.አ. በ1964 ትርፍ አንጀቱን ካስወጣ አምስት ሳምንት ገደማ ሆኖት ቶኪዮ ላይ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ አሸነፈ። የዳነው ቁስል ሆዱ ላይ ነበር፤ እግሩ ጤነኛ ነው፣ ከኋላውም የዓመታት ልምምድ አለ። በ1968 ሜክሲኮ ላይ ግን የተሰለፈው እግሩን ታሞ ነው። ሁለት የኦሊምፒክ ማራቶን ያሸነፈ ሰው፣ ዓለም ሁሉ ሦስተኛውን እየጠበቀው፣ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አቋርጦ ወጣ። ከመውጣቱ በፊት ለማሞ ወልዴ መቀጠል እንደማይችል ነግሮት፣ ድሉን አደራ ብሎት እንደነበር ይተረካል። ማሞ በ36 ዓመቱ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ገብቶ ወርቁን አመጣ። አበበ ዝም ብሎ ወደ ኋላ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ ማሞ እየዞረ ሲፈልገው ይውል ነበር።

አሁን ወደ ሁለተኛው ንባቤ ልምጣ። ቤተሰቧ «ለምን እናስጨንቃት» ብሎ እንደደበቃት፣ ያም ከሁሉ የባሰ እንደሆነ ጽፈሽልኛል። ጥቂት መስመር ወረድ ብለሽ ደግሞ «ፈረቃዬ ተቀይሯል አልኳት» ትያለሽ። አስተውለሽዋል? ያንኑ ነው ያደረግሽባት። በፍቅር ነው፤ እነሱም በፍቅር ነው ያደረጉት። መርዶን ጎህ ሳይቀድ፣ ወዳጅ ተሰብስቦ መንገር ሰው ሐዘኑን ብቻውን እንዳይሸከም የተበጀ ደግ ልማድ ነው። ሕመምን መደበቅ ግን ሌላ ነው፤ ስልክ አንሥታ «እማዬ» የምትልበትን ጊዜ ነው የወሰደባት። እኔም ባሕር ማዶ ሆኜ አባቴን ያጣሁት እንዲሁ ነው። 17 ዓመት ሆነው፤ ያቺ ሳትደወል የቀረች ስልክ እስከ ዛሬ ታንገበግበኛለች። ስለዚህ እባክሽ ስሚኝ፦ ጓደኛሽ ድልድዩ ላይ ወድቀሽ ብታይሽና ከነሐሴ ጀምሮ ታመሽ እንደነበር ያኔ ብትሰማ፣ የምትወደው ሰው ታሞ ሳይነገራት የቀረው ለሁለተኛ ጊዜ ይሆናል።

በስልክ አትንገሪያት። ቤቷ ሂጂ። ቡናው ሲወርድ ሱሪሽን ሰብስበሽ ቦታዋን አሳያት፤ ጣቷን ይዘሽ አስነኪያት። «ፈረቃዬ አልተቀየረም ነበር፤ ዋሸሁሽ፣ ይቅር በዪኝ» በያት። «አንቺ ግን ሩጪ» ብለሽ አትቸኩዪ፤ ያ የእሷ ውሳኔ ነው። ትቆጣለች፣ ትቆጣ። «እኔም እቀራለሁ» ልትል ትችላለች፤ ያን ምሽት አትከራከሪያት፣ ትደርበት። እኔ ግን ትቀራለች ብዬ አላስብም። አንቺ በደብዳቤሽ ሳታተኩሪበት አልፈሽዋል እንጂ፣ ይህቺ ከቤት አትወጣም ያልሻት ሴት አምስት ሳምንት ሙሉ ያለ አንቺ ወጥታ ሮጣለች። 32 ኪሎ ሜትሩን የጨረሰችው ብቻዋን ነው።

ደረትሽ ላይ የሚለጠፈውን የሩጫ ቁጥርሽን ለሌላ ሰው አትስጪ፤ አንድ ነገር ቢደርስበት ሐኪሞቹ የሚያነቡት ያንቺን ስም ነው። ወደሚቀጥለው ዓመት ማስተላለፍ ይቻል እንደሆነ የምዝገባ ደንቡን ዛሬውኑ እዪ፤ ቀነ ገደብ ይኖረዋል።

የሩጫው ዕለት፣ በክራንችም ቢሆን፣ ሜትሮ ይዘሽ ክሪስታል ሲቲ ውረጂ። ድልድዩን ተሻግራ እዚያ ስትደርስ 22 ማይል ገደማ ላይ ናት፤ ጉልበት የሚያልቅበት፣ ሰው ከራሱ ጋር የሚሟገትበት ሰዓት ነው። የቤት ስሟን፣ እናቷ ይጠሯት የነበረውን፣ ጮክ ብለሽ ጥሪያት። ገብተሽ ጥቂት እርምጃ ልሸኛት አትበዪ፤ ቁጥር የሌለው ሰው መንገዱ ላይ አይፈቀድም፣ እግርሽም አይችልም። ዳገቷን ትውጣ፤ እዚያ ላይ የምትሰናበተው ሰው አላት። እናንተ የምትገናኙበትን ቦታ አስቀድማችሁ ተቃጠሩ፤ በዚያ ሕዝብ መሐል ስልክ አያስተማምንም። ላቡ ሲደርቅ ትንቀጠቀጣለችና ነጠላ ይዘሽ ጠብቂያት።