ወደ ከተማ ሊካተት ስለተቃረበ የእርሻ መሬት፦ ለደላላ ከመፈረም በፊት

የጠያቂያችን ጉዳይ ባጭሩ ይህ ነው። በባሕር ዳር ዙሪያ፣ በዘንዘልማ አቅጣጫ የሚገኝ የሟች አባታቸው ሦስት ጥማድ የእርሻ መሬት ወደ ከተማው ክልል ሊካተት ነው ተብሎ ይወራል፤ ታናሽ ወንድማቸው ደላላ ላመጣው ገዢ በመንደር ውል ሊፈርም ተነሥቷል፤ እርሳቸውም «ካሳ እንጠብቅ ወይስ አሁን እንሽጥ?» ብለዋል። በአንድ የክልል ከተማ በካሳ ግምት ሥራ ለዓመታት ስለቆየሁ፣ ከዚያ ወዲህም በመሬት ክርክር ጠበቃ ሆኜ ስለምሠራ፣ ካየሁት ተነሥቼ እመልሳለሁ።

አይሽጡ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም ማለቱን ደላላውም ያውቀዋል፤ ስለዚህም ውሉን የብድር ወይም የረጅም ጊዜ ኪራይ አስመስሎ ያጽፋል። ፍርድ ቤት ግን የወረቀቱን ርእስ ሳይሆን የተደረገውን ነገር ስለሚመረምር፣ ሽያጭ መሆኑ ከተረጋገጠ ውሉ ፈራሽ ይሆናል፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1815 መሠረትም ተዋዋዮቹ በተቻለ መጠን ወደ ነበሩበት ይመለሳሉ። በተግባር የሚሆነው እንዲህ ነው፦ ገዢው ጨረቃ ቤት ይሠራል፣ ቤቱ ሕገ ወጥ ግንባታ ተብሎ ይፈርሳል፣ ካሳው በመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ ላይ ስሙ ለሠፈረው ባለይዞታ ይከፈላል፣ ገዢው ገንዘቤን መልሱ ብሎ ይከሳል፤ ወንድምዎ የተቀበለውን ብር ግን ያኔ ጨርሶታል። እኅቶች ካሉ ደግሞ ድርሻችን ያለ ፈቃዳችን ተሸጠ ብለው በዚያው መዝገብ ላይ ጣልቃ ይገባሉ።

ደላላው ገበያ የሚያገኘው ግን ሕዝቡ ሕግ ስላላወቀ ብቻ አይመስለኝም። ካሳ የሚሰላው መሬቱ በሚሰጠው ምርት ነው፤ ያው መሬት ተሸንሽኖ ለሊዝ ጨረታ ሲወጣ የሚጠራው ዋጋ ከዚያ ጋር አይገናኝም። ገበሬው ይህን በዓይኑ ስለሚያይ፣ ከመንግሥት ከሚያገኘው ይልቅ ደላላው በእጁ የሚቆጥርለት ይበልጥበታል። አዋጅ 455/1997 የአምስት ዓመት አማካይ ገቢን በ10 ያባዛ ነበር፤ አዋጅ 1161/2011 ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛውን ዓመታዊ ገቢ ወስዶ በ15 እንዲባዛ አደረገ። ልዩነቱን አጠበበው እንጂ አልዘጋውም።

ከዚህ ስሌት ለእርስዎ የሚጠቅም ነገር አለ። የሚያዘው ከፍተኛው ዓመት ስለሆነ፣ ወሬ ሰምተው መሬቱን ጦም አያሳድሩ፤ ለእኩል አራሽ ከሰጡትም ውሉ በጽሑፍ ይሁን። ግምት ሲሠራ እህሉ ብቻ ሳይሆን ገለባውም እንዲቆጠር ይጠይቁ። የማስለቀቂያ ትእዛዝ ከደረሰ በኋላ የሚተከል ባሕር ዛፍ ግን ካሳ አያስገኝም፤ ብዙ ሰው በዚህ ከስሯል።

ከሁሉ በላይ ግን የምመክርዎ ደብተሩን ነው። አንድ የግምት ቀን አንድ አዛውንት አረንጓዴ ደብተራቸውን በፌስታል ጠቅልለው ይዘው መጡ። ደብተሩ አራት ጥማድ፣ ማለትም አንድ ሄክታር ያህል ይላል፤ ጂፒኤስ የያዘው ባለሙያ ዳር ዳሩን ዞሮ ሲጨርስ መሣሪያው 0.78 ሄክታር አወጣ። ቀድሞ ልኬቱ የተወሰደው በገመድ ነበር፤ በዚያ ላይ በምሥራቅ በኩል ያለው አዋሳኝ በየዓመቱ አንድ አንድ ትልም ሲገፋ ኖሯል። አዋሳኙ እዚያው ቆሞ «ይኼማ የአባቴ ነው» አለ። ደብተሩ «በምሥራቅ እገሌ» ይላል እንጂ ወሰኑ በየት እንደሚያልፍ አይናገርም። የካሳ ገማች ኮሚቴው በተለካው ልክ አስከፈለ፤ የቀረው ቁራጭ መሬት ካሳ ግን ፍርድ እስኪሰጥ በዝግ ሂሳብ ተቀመጠ። አዛውንቱ በሁለተኛው ደረጃ የይዞታ ልኬት፣ ማለትም ከገመዱ ልኬት በኋላ ወሰኑ በካርታ በሚነሣበት ጊዜ ተገኝተው ወሰናቸውን በካርታ አስቀምጠው ቢሆን ኖሮ ያ ጠብ በግማሽ ቀን ያልቅ ነበር።

ስለዚህ አስቀድመው ከወንድምና ከእኅቶችዎ ጋር ተነጋግረው የወራሽነት ውሳኔ ያውጡ። የገጠር መሬት ውርስ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ብቻ ሳይሆን በክልሉ የመሬት ሕግም ስለሚመራ፣ ጉዳዩን የሚይዝልዎ ሰው ሁለቱንም የሚያውቅ ይሁን። እናትዎ በሕይወት ካሉ ስማቸውና ፎቷቸው በደብተሩ ላይ መኖሩን ይመልከቱ፤ ካለ የባለይዞታነት መብታቸው የራሳቸው ነው፣ ከውርሱ ጋር አይቀላቀልም። ከዚያ ወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ሄደው በመዝገብ ያስቀይሩ። ይህን ሁሉ መሬቱ ገና በገጠር መዝገብ ላይ ሳለ መጨረስ ይቀላል፤ ወደ ከተማ ከተዛወረ በኋላ ሁለቱ ቢሮዎች ፋይሉን አንዱ ለሌላው ሲወረውሩት ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ወንድምዎ ቀብድ ተቀብሎ ከሆነ በምስክርና በጽሑፍ ዛሬውኑ ይመልስ፤ ገዢው ግንባታ ከጀመረ በኋላ መመለስ ሌላ ጠብ ነው።

የካሳ ግምት ሲደርስዎ ወረቀቱ ላይ የልኬቱን፣ የምርቱንና የተያዘውን የገበያ ዋጋ ዝርዝር ሳያዩ አይፈርሙ፤ ኮፒውንም ይውሰዱ። በአዋጅ 1161/2011 መሠረት አቤቱታ የሚቀርበው ትእዛዙ በደረሰ በ30 ቀን ውስጥ ለቅሬታ ሰሚው አካል ነው፤ አዋጁ በ1336/2016 ስለተሻሻለና ካሳ የመክፈል ኃላፊነትም ወደ ክልሎችና ከተሞች ስለዞረ፣ አቤቱታውን የሚጽፍልዎ ሰው ሁለቱን አዋጆች ጎን ለጎን አድርጎ ያንብብ። «ነገ ተመለሱ» ሲባሉ አቤቱታዎን በመዝገብ ቤት አስገብተው የገቢ ቁጥርና ማኅተም ተቀብለው ይመለሱ።