መልስ፦ የቶኪዮ አድራሻ ላይ የመንገድ ስም ምን ልሙላ?

ባዶ ተወው። የላክኸው የቶኪዮ አስተዳደር ሕንፃ አድራሻ፣ «ኒሺ-ሺንጁኩ 2-8-1»፣ የመንገድ ስም የለውም። 2-8-1ንም እንዳለ የቤት ቁጥሩ ላይ አትለጥፈው። ኦፕንስትሪትማፕ (ማንም ሊያርመው የሚችል የኢንተርኔት ካርታ) ላይ በየመሙያ ሳጥኑ እንዲህ በትነው፦

1. ፕሮቪንስ፦ ቶኪዮ
2. ሲቲ፦ ሺንጁኩ
3. ኳርተር፦ ኒሺ-ሺንጁኩ
4. ኔበርሁድ፦ 2ኛ ቾሜ (ቾሜ በቁጥር የሚጠራ የሰፈር ክፍል ነው)
5. ብሎክ ነምበር፦ 8
6. ሀውስ ነምበር፦ 1

ስሞቹን በጃፓንኛ ፊደል ጻፋቸው። (ኪዮቶ ከገባህ ሌላ ጣጣ ነው፤ እዚያ መንገድም ይጠራል።)

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። ሁለት ቤቶች አንድ ቁጥር ይዘው ብታይ እንዳትሰርዝ፤ ብዙ ሰው ስህተት እየመሰለው ያጠፋዋል። በ1962 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ የብሎኩ ዙሪያ በእኩል ርቀት ተከፋፍሎ ቁጥር ይሰጠዋል። ቤቱ የሚይዘው መግቢያው ያረፈበትን ቁጥር ነው። በሮቻቸው የተጠጋጉ ጎረቤታሞች ቁጥር ይጋራሉ።