በአንድ ወረቀት የተጻፈ የባልና ሚስት ኑዛዜ ይጸናል?

ጥያቄ፦ ከባለቤቴ ጋር በጋብቻ 23 ዓመት ኖረናል። ልጅ አልወለድንም። አዲስ አበባ ውስጥ አብረን የሠራነው ቤት አለን። የባለቤቴን የእህቱን ልጅ ከ4 ዓመቷ ጀምሮ ያሳደግናት እኛ ነን፤ አሁን 16 ዓመት ተኩል ሆኗታል። ባለፈው ዓመት ባለቤቴ በእጁ ኑዛዜ ጻፈ። «ከሁለታችን ቀድሞ የሞተው ንብረቱ ለቀሪው ይሁን፤ ሁለታችንም ስናልፍ ቤቱ ለልጃችን ይሁን፤ አንዳችን ብቻችንን ልንለውጠው አንችልም» ይላል። ሁለታችንም ፈረምን። ሁለት ጎረቤቶቻችንም በምስክርነት ፈረሙ። የባለቤቴ እናት በሕይወት አሉ፤ አባቱ አርፈዋል። ከልጅቷ እናት ሌላ አንድ ወንድም አለው። ይህ ወረቀት ነገ ቢያስፈልገኝ ይጸናል?

መልስ፦ እህቴ፣ አይጸናም። ሁለታችሁም በሕይወት ሳላችሁ መጠየቅዎ ግን ትልቅ ነገር ነው፤ ሁሉም ይስተካከላል። እኔ ዘንድ ይህን ጥያቄ ይዘው የሚመጡት አብዛኛዎቹ ጥቁር ለብሰው ነው። አንዲት እናት እንዲህ ዓይነቱን ወረቀት ላሜኔት አስደርገው፣ በነጠላቸው ጠቅልለው አምጥተውልኝ ነበር። 11 ዓመት በቁም ሳጥን ውስጥ በጥንቃቄ አስቀምጠውታል። «ይሄ አይሠራም» ማለት እንዴት እንደከበደኝ እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ችግሩ የፊርማ ወይም የማኅተም ጉዳይ አይደለም። ሁለታችሁ በአንድ ወረቀት መናዘዛችሁ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 858 ከአንድ በላይ የሆኑ ሰዎች በአንድ ጽሑፍ የሚያደርጉት ኑዛዜ ዋጋ የለውም ይላል። ለባልና ሚስት የተለየ ፈቃድ አልሰጠም። ምክንያቱም ኑዛዜ የአንድ ሰው የግል ጉዳይ ነው። ተናዛዡ እስኪሞት ድረስ ሐሳቡን መለወጥ መቻል አለበት። በአንድ ወረቀት ላይ ሁለት ሰው ከተናዘዘ ግን አንዱ ያለ ሌላው መለወጥ ይቸግረዋል። «ብቻችንን ልንለውጠው አንችልም» የሚለው ዓረፍተ ነገርም በዚሁ ምክንያት አያስኬድም። ሰው ኑዛዜውን ላለመሻር ቃል ቢገባ እንኳ ሕጉ አያስገድደውም።

አሁን ባለቤትዎ ያለ ኑዛዜ ቢያልፉ (ዕድሜ ይስጣቸው) ምን እንደሚሆን በቁጥር ላሳይዎ። በሕጋችን ሚስት ባሏን፣ ባልም ሚስቱን ያለ ኑዛዜ አይወርስም። ብዙ ሰው ይህን ስነግረው አያምነኝም። ለእርስዎ የሚደርሰው በጋብቻ ያፈራችሁት የጋራ ሀብት ግማሽ ነው፤ እሱም ውርስ ሳይሆን የራስዎ ድርሻ ነው። ቤቱ 8 ሚሊዮን ብር ያወጣል እንበል። 4 ሚሊዮኑ የእርስዎ ነው። ቀሪው 4 ሚሊዮን ወደ ባለቤትዎ ወላጆች ይሄዳል። እናታቸው 2 ሚሊዮን ይወስዳሉ። የአባታቸው 2 ሚሊዮን፣ እሳቸው ስለሌሉ፣ ለልጆቻቸው ማለትም ለወንድምና ለእህት አንድ አንድ ሚሊዮን ይደርሳል። ልጅቷ ምንም አታገኝም። ከእነሱ አንዱ «ድርሻዬን በጥሬ ገንዘብ እፈልጋለሁ» ቢል፣ እርስዎም የሚከፍሉት ባይኖርዎ፣ ቤቱ በሐራጅ እስከ መሸጥ ሊደርስ ይችላል። እርስዎ ቀድመው ቢያልፉም ግማሽዎ በዚሁ መንገድ ወደ እርስዎ ቤተሰብ ይሄዳል።

ደስ የሚለው ነገር ልጅ የሌለው ሰው ነጻነቱ ሰፊ መሆኑ ነው። ወላጅም ሆነ ወንድም «ድርሻዬ አይነካም» ማለት አይችልም። ባለቤትዎ «ስሞት የሚኖረኝን ሀብት ሁሉ ለሚስቴ ተናዝዣለሁ» ካሉ፣ እናትና ወንድማቸውን በስም እየጠሩ ከውርስ መንቀል አያስፈልጋቸውም። ጠቅላላ ሀብትን ለአንድ ሰው መናዘዝ በራሱ ከተወላጆች (ከልጆችና ከልጅ ልጆች) በቀር ሌሎቹን ወራሾች ያስወጣል። ስለዚህ ሁለት ወረቀት ይጻፉ። አንዱ የእሳቸው ብቻ፣ አንዱ የእርስዎ ብቻ። በይዘት መንትያ ቢሆኑ ችግር የለም፤ በአንድ ቀንም ልታደርጉት ትችላላችሁ። «ቤታችንን ተናዝዣለሁ» ግን አይበሉ፤ ሰው መናዘዝ የሚችለው የራሱን ነው። «ከጋራ ቤታችን ያለኝን ድርሻና ሌላውን ሀብቴን ሁሉ» ይበሉ።

አጻጻፉ ላይ ብዙ ኑዛዜ ይወድቃል። በአራት ምስክሮች ፊት የሚደረገውን ልምከርዎ። በቁጥር 881 መሠረት ጽሑፉ በተናዛዡና በአራቱ ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት። መነበቡና ቀኑም እዚያው ወረቀት ላይ መጻፍ አለበት። ከዚያ ሁሉም ወዲያው ይፈርማሉ። በተግባር እንዲህ ነው፦ አምስታችሁ ጠረጴዛ ዙሪያ ትቀመጣላችሁ፣ አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያነባል፣ እስክሪብቶው ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ ሁሉም ፈርሞ ሳይጨርስ ማንም አይነሳም። «እኔ ቸኩያለሁ፣ ማታ መጥቼ እፈርማለሁ» የሚል ምስክር ካለ ሌላ ይፈልጉ። መነበቡን የምትገልጸው ያቺ አንዲት መስመር ስለቀረች ብቻ ቤት ያጡ ሰዎች አሉ። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን የተሰጠው ሰው ከሆነ ሁለት ምስክር ይበቃል። ውልና ማስረጃ ሄዳችሁ ብታስመዘግቡት ደግሞ ከመጥፋትም ከጭቅጭቅም ይድናል። የልጅቷን እናት ምስክር አታድርጉ።

አሁን ወደ ልጅቷ ልምጣ። ደብዳቤዎ ውስጥ ከቤቱ ይልቅ የሚያሳስብዎ እሷ እንደሆነች ይገባኛል። «ለእኔ ከተናዘዘልኝ በኋላ እኔ ለእሷ እናዘዛለሁ» የሚለው መንገድ በመተማመን ላይ ብቻ የቆመ ነው፤ በሕይወት የቀረው ሰው ሐሳቡን ቢቀይር የሚያስገድደው የለም። ሕጉ ሌላ መንገድ ይሰጣል። ባለቤትዎ «ድርሻዬን ለሚስቴ፤ እሷ ስትሞት ደግሞ ለልጅቷ ይተላለፍ» ብለው መናዘዝ ይችላሉ። ያን ጊዜ የእሳቸው ድርሻ የታሰረ ይሆናል፤ እርስዎ ይጠቀሙበታል እንጂ ሊሸጡት አይችሉም። የራስዎ ግማሽ ግን አሁንም ነጻ ነው።

እኔ ይህን እስር ለሁሉም ሰው አልመክርም። ነገ አልጋ ላይ የሚያውል ሕመም መጥቶ ለሕክምና ቤቱን መሸጥ ቢያስፈልግዎስ? 23 ዓመት አብራ የኖረችን ሚስት በራሷ ቤት እጇን ማሰር ይከብደኛል። በእኔ እምነት ሁሉንም ለእርስዎ በነጻ ይናዘዙ። ከዚያ በሁለቱም ኑዛዜ ላይ «ባለቤቴ ከእኔ ቀድሞ ወይም ከእኔ ጋር አብሮ ከሞተ ለልጅቷ ይሁን» የሚል ሐረግ ይግባ። ሁለታችሁ በአንድ የመኪና አደጋ ብታልፉና ማን እንደቀደመ ባይታወቅ አንዳችሁም ሌላውን አትወርሱም። ያቺ ሐረግ ከሌለች ልጅቷ ሜዳ ላይ ትቀራለች።

ከሁሉም በላይ ግን ጉዲፈቻን አስቡበት። ማሳደግ ብቻውን የውርስ መብት አይሰጥም፤ 12 ዓመት ሙሉ «እማዬ» ብትልዎም በሕግ ዓይን የባለቤትዎ የእህት ልጅ ናት። ጉዲፈቻ በፍርድ ቤት ሲጸድቅ ግን እንደ ወለዳችኋት ልጅ ትወርሳችኋለች። የወላጆቿ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ እሷም ትጠየቃለች። ጉዲፈቻው ከጸደቀ ኑዛዜዎቹን እንደገና ያስጽፉ፤ ልጅ ያለው ሰው ሁሉንም ለሚስቱ እንደፈለገ መናዘዝ አይችልምና። ጉዲፈቻ የሚደረገው ልጁ 18 ዓመት ሳይሞላው ስለሆነ የቀረዎት ዓመት ተኩል ነው። የፍርድ ቤት ቀጠሮ እንደሚጎተት ያውቃሉ። ከኑዛዜው በፊት፣ በዚህ ሳምንት፣ ለልጅቷ እናት ይደውሉ።

ያንን የድሮውን ወረቀት ደግሞ አዲሶቹ ኑዛዜዎች እስኪፈረሙ አስቀምጡት። አዲሶቹ ላይ «ከዚህ በፊት የጻፍኩትን ሽሬያለሁ» ብላችሁ ጻፉና ከዚያ ቅደዱት።