ኢንቨርተር እያለ መስመሩ ለምን ይመታል?

ጥያቄ፦ ፓምፓችን ፍሰት ሳይኖር 60 ሜትር ያነሳል፤ ማጠራቀሚያው 45 ሜትር ከፍ ብሎ፣ በ3 ኪሎ ሜትር የብረት መስመር ማዶ ነው። ኢንቨርተሩ (የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠረው መሣሪያ) በ30 ሰከንድ ቀስ ብሎ ያቆመዋል፤ ቼክ ቫልቩ (ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጋው) ግን ቧንቧውን እያንቀጠቀጠ ይዘጋል። ለምን?

መልስ፦ 30 ሰከንዱ የሞተሩ እንጂ የውሃው አይደለም። የፓምፕ ግፊት የሚወርደው በፍጥነቱ ካሬ ነው። የ45÷60 ስኩዌር ሩት 0.87 ስለሆነ፣ ፍጥነቱ 87% ሲደርስ ፓምፑ መግፋት ያቅተዋል፤ ይህም በ4ኛው ሰከንድ ግድም ነው። የግፊት ሞገዱ በሰከንድ 1,000 ሜትር ገደማ ተጉዞ ደርሶ ለመመለስ ግን 6 ሰከንድ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ለመስመሩ ይህ ድንገተኛ ማቆም ነው። (የመስመሩ ግፊት አብሮ ስለሚወርድ ፍሰቱ ትንሽ ይዘገያል፤ ቁርጡን የሚነግራችሁ የመስመሩ የኮምፒውተር ሞዴል ነው።) ስለዚህ ከ100% እስከ 80% ያለውን ብቻ በ40 ሰከንድ አውርዱት፤ ከዚያ በታች ቢፈጥንም ግድ የለም።

መብራት ድንገት ሲጠፋ ደግሞ ኢንቨርተሩ አያድናችሁም። ለዚህ ሁኔታ ሞዴሉ ላይ የፍጥነት ሰንጠረዥ አታስገቡ። የሞተሩንና የፓምፑን ኢነርሺያ (የሚሽከረከር አካል ፍጥነቱ እንዳይቀየር የሚያሳየው ተቃውሞ) በኪሎ ግራም ሜትር ካሬ ስጡትና ፍጥነቱን ራሱ ያስላ። ቫልቩ ዘግይቶ የሚዘጋ ከሆነ ውሃው ወደ ኋላ ስለሚፈስ የፋብሪካው ከርቭ (የፓምፑ የፍሰትና የግፊት ግራፍ) አይበቃም፤ አራቱንም ኳድራንት (ፍሰቱም የፓምፑ መሽከርከርም ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲሆኑ) የሚሸፍን ከርቭ ተጠቀሙ።